አንድ ጠርሙስ፣ አራት ቁጥር፦ በስኳር ሽሮፕ ስፔሲፊክ ግራቪቲ ላይ የተነሳ ክርክር

## ጉዳዩ ባጭሩ

አንድ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ክፍሉና የጥራት ላብራቶሪው በስኳር ሽሮፕ ምክንያት ለወራት ተነታርከዋል። ምርት ክፍሉ «ቀጥኗል» ብሎ ስኳር ይጨምራል። ላብራቶሪው ያንኑ ሽሮፕ «ወፍሯል» ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱም ወገን በእጁ ቁጥር ይዟል። ቁጥሩ ስፔሲፊክ ግራቪቲ ነው፤ አንጻራዊ እፍግታ ማለት ነው።

ክርክሩ እንዲቆም ታስቦ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ናሙና በአራት ሰው ተለካ። አራት የተለያየ ቁጥር መጣ። ከውጭ የሚያይ ሰው ይጨመር የተባለውና እኔ የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ሰዎቹንም ፋብሪካውንም በስም አልጠራም። ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሳሳኝ ነገር ግን ይህ ነው፦ ከአራቱ ለኪዎች የሦስቱ እጅ ንጹሕ ነበር። ሃይድሮሜትሩን ያነበበው ሰው በትክክል አንብቧል። ዲጂታሉ መሣሪያ በትክክል ለክቷል። አንደኛዋ የፒክኖሜትር ባለሙያ ሥራዋ እንከን የለውም። እንዲያም ሆኖ ቁጥሮቻቸው አይገናኙም ነበር።

## መነሻው

ስፔሲፊክ ግራቪቲ የአንድ ፈሳሽ እፍግታ ለውሃ እፍግታ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ንጽጽር ስለሆነ አሃድ የለውም። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሁለቱም ፈሳሾች ሲሞቁ መስፋታቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ፈሳሹ የተለካው በስንት ዲግሪ ነው? የሚወዳደርበት ውሃስ በስንት ዲግሪ ያለ ውሃ ነው?

ውሃ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እፍግታው 1.0000 ግራም በሚሊሊትር ነው። በ20 ዲግሪ 0.9982 ይሆናል። በ25 ዲግሪ 0.9970 ነው። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሰው ቁጥሩን ብቻውን የማይጽፈው፤ 20/20 ወይም 20/4 ብሎ ሁለቱንም ሙቀት ያስቀምጣል። ፊተኛው የፈሳሹ ሙቀት ነው፤ ኋለኛው የውሃው። ነዳጅ ላይ የሚሠሩ ሰዎች 15.6/15.6 ይጠቀማሉ፤ ይህ 60 ዲግሪ ፋራናይት ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ 25/25 ያጋጥማል። የትኛውም ስህተት አይደለም። ስህተት የሚሆነው ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

የፋብሪካው ሽሮፕ ቀላል ነገር ነው። ግማሹ ክብደት ስኳር፣ ግማሹ ውሃ፤ ማለትም 50 በመቶ በክብደት። የዚህ ድብልቅ እፍግታ በ20 ዲግሪ 1.2296 ግራም በሚሊሊትር ነው። ይህ ለ0.9982 ሲካፈል 20/20 ስፔሲፊክ ግራቪቲው 1.2318 ይመጣል። በደረጃ ሰነዱ ላይ ግን የተጻፈው «ስፔሲፊክ ግራቪቲ፦ ከ1.229 እስከ 1.235» የሚል ብቻ ነው። የሙቀት ነገር የለም። ሰነዱን ማን እንዳዘጋጀው የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። እንደ ብዙ ፋብሪካ ሰነድ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው እየተገለበጠ የመጣ ነው።

መለኪያዎቹ ሦስት ዓይነት ነበሩ። ምርት ክፍሉ ተንሳፋፊ የመስታወት ሃይድሮሜትር አለው፤ ፈሳሹ በከበደ ቁጥር ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ቁጥሩም አንገቱ ላይ ይነበባል። ላብራቶሪው 25 ሚሊሊትር የሚይዙ ፒክኖሜትሮች አሉት። ፒክኖሜትር ማለት ክዳኑ መሃል ላይ ቀጭን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጠርሙስ ነው። ባዶውን፣ በውሃ ሞልተን፣ በናሙና ሞልተን እንመዝነዋለን። የናሙናው ክብደት ለውሃው ክብደት ሲካፈል መልሱ ይገኛል። ሦስተኛው አዲስ የተገዛ ዲጂታል የእፍግታ መለኪያ ነው። ውስጡ የዩ ቅርጽ ያለው የመስታወት ቱቦ አለ። ቱቦው ይንቀጠቀጣል፤ ፈሳሹ በከበደ ቁጥር ንዝረቱ ይዘገያል፤ መሣሪያው ከዚያ እፍግታውን ያሰላል። አንድ ሁለት ሚሊሊትር ናሙና ይበቃዋል።

## አራቱ ቁጥሮች

ከአንዱ ጠርሙስ የመጡት ውጤቶች እነዚህ ናቸው፦

ሃይድሮሜትር፣ ምርት ክፍል፦ 1.228
ዲጂታል መለኪያ፦ 1.2296
ፒክኖሜትር ቁጥር 2፦ 1.2321
ፒክኖሜትር ቁጥር 4፦ 1.2346

በወሰኑ ሲታዩ የመጀመሪያው ወድቋል። ሁለተኛው ለጥቂት አልፏል። ሦስተኛው መሃል ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል። አራተኛው ከላይኛው ጣሪያ ሥር ነው። በአንደኛው ቁጥር ብንሄድ ስኳር ይጨመራል፣ በአራተኛው ብንሄድ ውሃ ለመጨመር ይታሰባል። ሽሮፑ አንድ ነው።

## መጀመሪያ የተሞከሩትና ያልሠሩት

እኔ ከመግባቴ በፊት ብዙ ነገር ተሞክሯል። ይህን ክፍል የማቆየው ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ ያው ነገር ሲደገም ስላየሁ ነው።

መጀመሪያ «ይደገም» ተባለ። ተደገመ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር መልሶ አገኘ። ይህ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነበር። የእጅ ስህተት ቢሆን ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። በየጊዜው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን የሚያጋድል ልዩነት ግን ቋሚ ምክንያት አለው። ማንም በዚህ ዓይን አላየውም።

ቀጥሎ ሥልጠና ተሰጠ። ሃይድሮሜትር እንዴት እንደሚነበብ፣ ዓይን ከፈሳሹ ገጽ እኩል መሆን እንዳለበት፣ ፈሳሹ አንገቱ ላይ ተስቦ የሚወጣው ጠርዝ ሳይሆን ዝርግ ገጹ እንደሚነበብ። ጥሩ ሥልጠና ነው። ቁጥሩን ግን አልለወጠውም።

ከዚያ አዲስ ሃይድሮሜትር ተገዛ። አዲሱም 1.228 አነበበ። ይህን ጊዜ የምርት ክፍሉ ሰዎች «አየህ፣ እኛ ልክ ነን» አሉ። ከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለት የተለያዩ ሃይድሮሜትሮች ከተስማሙ ችግሩ መሣሪያው ላይ የመሆኑ ዕድል ይቀንሳል።

ናሙና ወደ ሌላ ላብራቶሪም ተልኮ ነበር። ውጤቱ «1.23» ተብሎ መጣ። ሁለት ዲሲማል፣ ያለ ሙቀት። ሁሉም ወገን በዚያ ቁጥር ራሱን አጸደቀ።

በመጨረሻ አንድ ኃላፊ አራቱ ቁጥሮች ይደመሩና ለአራት ይካፈሉ የሚል ሐሳብ አመጡ። አማካዩ 1.2311 ይመጣል፤ ለእውነቱም የቀረበ ነው። ግን እንዲያው አጋጣሚ ነው። ለአራት የተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶችን አማካይ መውሰድ ለአንዱም ጥያቄ መልስ አይሆንም።

## በውሃ መጀመር

የመጀመሪያው እርምጃ ሽሮፑን ወደ ጎን ማድረግ ነበር። የምናውቀው ፈሳሽ ውሃ ነው። የተጣራ ውሃ ፈልቶ፣ ተከድኖ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ፤ ማፍላቱ የሟሟ አየር ለማስወጣት ነው። ከዚያ ሙቀቱ 20.0 ላይ በተስተካከለ የውሃ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ በሁሉም መሣሪያ ተለካ። 20/20 ስፔሲፊክ ግራቪቲ የሚለካ ሁሉ 1.0000 ማለት አለበት።

ፒክኖሜትር ቁጥር 2 በመዝገቡ ላይ ካለው የውሃ ክብደት ጋር በሚሊግራም ልዩነት ተገናኘ። 1.0000።

ዲጂታሉ 0.9982 አለ። እዚህ ላይ ነገሩ ፈካ። 0.9982 የውሃ እፍግታ ነው፤ ስፔሲፊክ ግራቪቲ አይደለም። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲመጣ እፍግታ እንዲያሳይ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። ኦፕሬተሩ ግን በቅጹ ላይ «ስፔሲፊክ ግራቪቲ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ይሞላዋል። 1.2296ን ለ0.9982 አካፍሉት፤ 1.2318 ይመጣል። መሣሪያው ያለምንም እንከን ሲሠራ ነበር የከረመው። ስክሪኑ ላይ ከቁጥሩ ጎን ግራም በሴንቲሜትር ኩብ የሚል አሃድ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ስፔሲፊክ ግራቪቲ አሃድ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ያንን አሃድ ሲያይ መጠርጠር ነበረበት። ግን ማን ስክሪን ጥግ ያያል?

ፒክኖሜትር ቁጥር 4 በውሃ ሲለካ 1.0020 ሰጠ። ውሃ ከውሃ በ0.2 በመቶ ሊከብድ አይችልም። እዚህ ጠርሙስ ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ሃይድሮሜትሩን በውሃ መፈተን አልተቻለም። ልኬቱ ከ1.200 እስከ 1.300 ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሄዶ ታች ይቀመጣል። ለእሱ ሌላ መላ አስፈለገ።

## የቁጥር 4 ክዳን

የቁጥር 4ን መዝገብ ገለጥን። ባዶ ክብደቱ 21.3518 ግራም፣ የሚይዘው የውሃ ክብደት በ20 ዲግሪ 24.9312 ግራም ይላል። የውሃው ክብደት ከወራት በፊት ተለክቶ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የሚሠራበት ቁጥር ነው። ባዶው ግን በየቀኑ ይመዘናል። በክርክሩ ቀን የተጻፈው ባዶ ክብደት 21.4036 ነው። ከመዝገቡ 52 ሚሊግራም ይበልጣል።

ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ 52 ሚሊግራም አይጨምርም። ቴክኒሻኑ ልዩነቱን አይቶታል። «የዛሬውን ስለምቀንስ ችግር የለውም» ብሎ አለፈው። ሐሳቡ ግማሽ መንገድ ትክክል ነው። የዛሬው ባዶ ክብደት ከዛሬው ሙሉ ክብደት ተቀንሷል፤ የሽሮፑ ክብደት 30.7791 ግራም በትክክል ተገኝቷል። ግን አካፋዩ የድሮው ውሃ ነው።

ክዳኖቹ ተደባልቀው ነበር። የቁጥር 4 ጠርሙስ ላይ የቁጥር 3 ክዳን ተቀምጧል። በማጠቢያው ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ሲደርቁ ተለዋውጠዋል። ክዳኖቹ በዓይን አይለዩም፤ ሁለቱም ይገጥማሉ። ግን በአሸዋ የተፈገፈገው መጋጠሚያቸው በእያንዳንዱ ጠርሙስ ልክ የተሠራ ነው። የሌላ ክዳን ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ጠርሙሱ የሚይዘው መጠን ይለወጣል። አሁን የሚይዘው ውሃ 24.9810 ግራም ነው። 30.7791 ለ24.9810 ሲካፈል 1.2321 ይመጣል። ክዳኑ ወደ ቦታው ተመልሶ ሲለካም ያው 1.2321። ከቁጥር 2 ጋር ተገናኘ።

50 ማይክሮሊትር ማለት አንድ የውሃ ጠብታ ነው። ከ25 ሚሊሊትር ውስጥ አንድ ጠብታ ሦስተኛውን ዲሲማል በሁለት ተኩል ያዛባል።

እዚህ ላይ ስለ ፒክኖሜትር አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ እኔ ከክዳን ይልቅ ብዙ ጊዜ የማየው ይህንን ነው። ጠርሙሱን ከገንዳው አውጥቶ በመዳፍ ጨብጦ ማድረቅ። የመዳፍ ሙቀት ሽሮፑን በአንድ ዲግሪ ካሞቀው ከ10 ሚሊግራም በላይ በቀዳዳው ወጥቶ በጨርቁ ይጠረጋል። በአንገቱ በጣት ጫፍ መያዝ ነው። ከላይ የተረፈውን ስናብስም ወረቀቱ ቀዳዳውን ከነካው ፈሳሹን ከውስጥ ይመጥጣል። የመጀመሪያዋ ባለሙያ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ስታደርግ ስላየሁ ነው ሥራዋ እንከን የለውም ያልኩት።

## ሃይድሮሜትሩና የሙቀቱ ነገር

ለሃይድሮሜትሩ የምናውቀው ፈሳሽ ራሳችን ሠራን። የደረቀ ንጹሕ ስኳርና የተጣራ ውሃ በሚዛን እኩል በእኩል ተመዝነው ተሟሙ። የዚህ ድብልቅ 20/20 ቁጥር 1.2318 እንደሆነ ከስኳር ሠንጠረዦች ይታወቃል። ሲሊንደሩ ገንዳ ውስጥ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ ሃይድሮሜትሩ 1.232 አነበበ። መሣሪያው ጤነኛ ነው።

ታዲያ ምርት ክፍሉ ውስጥ ለምን 1.228? ሽሮፑ ከማደባለቂያው ሲቀዳ ሞቅ ያለ ስለሆነ ነው። ቴርሞሜትር ሲገባ 28 ዲግሪ። በሃይድሮሜትሩ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ 20 ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል። ማንም ያንን መስመር እንደ መመሪያ አላየውም ነበር። እንደዚህ ያለ ሽሮፕ በየዲግሪው ከ0.0004 እስከ 0.0005 ያህል ይወርዳል። 8 ዲግሪ ማለት ከ0.0035 ትንሽ ከፍ ይላል። 1.228 ላይ ሲደመር 1.232 ገደማ።

ያኔ የወራቱ ንትርክም ተፈታ። ምርት ክፍሉ በሞቀው ሽሮፕ ላይ 1.228 ያያል። ወደ 1.232 ለማምጣት ስኳር ይጨምራል። ሂሳቡን ስሠራው በአንድ ቶን ወደ 13 ኪሎ ስኳር ይመጣል። ሽሮፑ ላብራቶሪ ደርሶ 20 ዲግሪ ላይ ሲለካ 1.2355 አካባቢ ይሆናል። ላብራቶሪው «ወፍሯል» ብሎ ይመልሰዋል። ውሃ ይጨመራል። ሁለቱም ወገን ያየውን ነው የተናገረው። ምርት ክፍሉ ስኳር ሲያባክን፣ ላብራቶሪው ደግሞ «እነዚህ ሰዎች መለካት አይችሉም» ሲል ከረመ።

ሃይድሮሜትር ላይ ሁለት ተጨማሪ ነገር ተገኘ። አንደኛው አጣጣሉ ነው። መሣሪያውን ለቀቅ ሲያደርጉት ጠልቆ ይገባና ተመልሶ ይወጣል። ሽሮፕ ወፍራም ስለሆነ አንገቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ያ የተጣበቀ ሽሮፕ ሸክም ነው። 70 ግራም የሚመዝን ሃይድሮሜትር ላይ 0.1 ግራም ቢጣበቅ ንባቡ በ0.0017 ገደማ ዝቅ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በእጅ ይዞ ቀስ ብሎ እስከሚያነበው ቦታ አካባቢ ማውረድ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ እስኪረጋ መጠበቅ። ሁለተኛው፣ ሲሊንደሩ ጠባብ ነበርና መሣሪያው ግድግዳውን ይነካ ነበር። ሰፋ ባለ ተተካ።

## አየር ሁለት ዓይነት ያታልላል

ይህ ክፍል ሥራችንን በጣም ያጓተተው ነው። ከማደባለቂያው ወዲያው የተቀዳ ሽሮፕ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን አየር ይዟል። ዲጂታሉ አንዳንድ ቀን 1.2296 ይላል፤ አንዳንድ ቀን 1.228 ላይ ይወርዳል። የናሙናው ክፍል አንድ ሚሊሊትር ገደማ ነው። አንድ ማይክሮሊትር አየር ከገባ ውጤቱ በ0.0012 ይወርዳል።

አስቸጋሪው ነገር አየር ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አለማታለሉ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የተበተነ አየር እፍግታውን ያወርዳል። በሃይድሮሜትሩ ሆድ ላይ የተለጠፈ አረፋ ግን መሣሪያውን ሽቅብ ያነሳዋል፤ ንባቡ ከፍ ይላል። ስለዚህ ያው አረፋማ ሽሮፕ በዲጂታሉ ቀጭን፣ በሃይድሮሜትሩ ወፍራም ሊመስል ይችላል።

አየሩን ለማስወጣት ከተሞከሩት አብዛኞቹ የራሳቸውን ችግር አመጡ። ሽሮፑን ማሞቅ አረፋውን ቶሎ ያወጣዋል፤ ግን ካልተከደነ ውሃም ይተናል፣ ሽሮፑም በእርግጥ ይወፍራል። በቫኩም መሳብም ያንኑ ያደርጋል። የአልትራሳውንድ ገንዳ ጥሩ ሠርቷል፤ ነገር ግን ናሙናውን ሞቅ አድርጎት ስለነበር እንደገና 20 ዲግሪ እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ሆነ። የሠራው አሰልቺው መንገድ ነው። ናሙናውን በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ቀስ አድርጎ ማውረድ፣ ከድኖ ማሳደር፣ ጠዋት በመርፌ ከመሃል ቀድቶ ወደ መሣሪያው በዝግታ መጫን። ምርት እየሄደ «እስከ ነገ ጠብቁ» ማለት ግን ቀላል አይደለም። በዚህ ምክንያት ለምርት ክፍሉ ውሳኔ የሚሆነው ሃይድሮሜትሩ ሆኖ ቀረ።

## የቀረችው 0.0003

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ፒክኖሜትሮቹ 1.2321፣ ዲጂታሉ 1.2318 ይላሉ። ልዩነቷ ትንሽ ናት፤ ግን አትጠፋም። ይህችም ምክንያት አላት። ፒክኖሜትሩ የሚመዘነው አየር ውስጥ ነው። አየር በየሚሊሊትሩ 1.2 ሚሊግራም ገደማ ያነሳል። ለ25 ሚሊሊትር 30 ሚሊግራም። ውሃውም ሽሮፑም እኩል 30 ሚሊግራም ያጣሉ። ከቀላሉ ላይ የጎደለው 30 ሚሊግራም ግን ከከባዱ ይልቅ ይሰማል፤ ስለዚህ ክፍፍሉ ትንሽ ከፍ ይላል። ያቺ 30 ሚሊግራም ለሁለቱም ስትመለስ 1.2318 ይመጣል።

ወሰኑ በሦስት ዲሲማል ለተጻፈ ምርት ይህ ለውጥ አያመጣም። ማስላቱ የጠቀመው ከዚያ በኋላ ያልተብራራ ልዩነት ስላልቀረ ነው። ለማረጋገጫ በሪፍራክቶሜትር አየነው። እሱ ክብደትን አይለካም፤ ብርሃን ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ነው የሚለካው። 50.0 ብሪክስ አለ፤ በክብደት 50 በመቶ ስኳር ማለት ነው። ሽሮፑ ከመጀመሪያውም ልክ ነበር።

## ምን ተቀየረ

ደረጃ ሰነዱ ላይ «20/20» ተጨመረ። ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ ጠቃሚው ለውጥ ይህ ነው። ቅጹ ላይ የሙቀት ሳጥን ገባ፤ ሳይሞላ ውጤት አይፈረምም። ዲጂታሉ ስፔሲፊክ ግራቪቲ 20/20 እንዲያሳይ ተስተካከለ፤ በየጠዋቱ በውሃ ይፈተናል፣ 1.0000 ካላለ አይሠራበትም። የፒክኖሜትር ክዳኖች ላይ ቁጥር ተቀረጸ። የዛሬው ባዶ ክብደት ከመዝገቡ ከጥቂት ሚሊግራም በላይ ከተለየ ሥራው ይቆማል።

ለምርት ክፍሉ የሙቀት ማስተካከያ ሠንጠረዥ ተዘጋጀ። ከመጽሐፍ አልተገለበጠም። የራሳቸው ሽሮፕ በ20፣ በ24፣ በ28 እና በ32 ዲግሪ በራሳቸው ሃይድሮሜትር ተነቦ ነው የተሠራው። በ24 ዲግሪ 0.002 ገደማ ይጨመራል፣ በ32 ዲግሪ ከ0.005 ትንሽ ይበልጣል። ሠንጠረዡ ለዚህ ሽሮፕ ብቻ ነው። ውሃ በ20 ዲግሪ አካባቢ በየዲግሪው የሚወርደው 0.0002 ብቻ ነው፤ ንጹሕ አልኮል ደግሞ ከ0.0008 በላይ። የአንዱን ማስተካከያ ለሌላው መዋስ አያዋጣም።

ያልተሳካም አለ። ለሃይድሮሜትር መፈተኛ የተሠራው ሽሮፕ ተቀምጦ ለሳምንታት እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ግማሽ በግማሽ የሆነ ሽሮፕ ለመቆየት በቂ ስኳር የለውም፤ ሻገተ። አሁን በየጊዜው አዲስ ይመዘናል፤ ሰዎቹም ይሰለቹታል። የሌሊት ሺፍት ላይ ደግሞ የሙቀት ሳጥኑ ውስጥ «20» የሚል ቁጥር በተደጋጋሚ ይታያል። ከማደባለቂያ የወጣ ሽሮፕ ሁልጊዜ ልክ 20 ዲግሪ አይሆንም። ይህ የቅጽ ችግር ስላልሆነ በቅጽ አይፈታም፤ የሺፍት ኃላፊዎቹ እየተነጋገሩበት ነው።

## ለሌላ ላብራቶሪ የሚሆነው

ውጤት ሲለያይ ከመድገም በፊት እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሆነ መጠየቅ ጊዜ ይቆጥባል። እፍግታ ነው ወይስ ስፔሲፊክ ግራቪቲ? በየትኞቹ ሁለት ሙቀቶች? በየትኛው የመዝገብ ቁጥር ተካፍሎ? እዚህ ፋብሪካ ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች ቀድመው ቢጠየቁ አዲሱ ሃይድሮሜትር ባልተገዛ ነበር።

የልዩነቱ መጠን ራሱ ይናገራል። ሁለት ውጤቶች በ0.18 በመቶ ከተለያዩ 20/20 እና 20/4 ተደባልቀው ሊሆን ይችላል፤ 0.9982 ውስጥ የተደበቀው ልዩነት ያ ነው። በሙቀት የመጣ ልዩነት ከቀን ቀን ከአየሩ ጋር ይለዋወጣል። ከአንድ ጠርሙስ ጋር ብቻ የሚዞር ልዩነት የዚያ ጠርሙስ ነው።

መፈተኛው ፈሳሽ ከናሙናው ጋር መቀራረብ አለበት። ውሃ ሁለቱን ችግሮች አጋልጧል፤ የአረፋውንና የተጣበቀውን ሽሮፕ ነገር ግን ሊያሳይ አይችልም፤ ውሃ ቀጭን ነውና።

ሌላ ፈሳሽ የሚለኩ ሰዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሳሙናማ ፈሳሽ ሃይድሮሜትሩ አንገት ላይ የሚሳበው ጠርዝ ያንሳል፤ ወደ ታች የሚጎትተው ስለሚቀንስ መሣሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። በቶሎ የሚተን ፈሳሽ ከፒክኖሜትሩ ቀዳዳ እየተነነ ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ እያየነው ይወርዳል፤ ለእሱ ከላይ ተጨማሪ ቆብ ያለው ዓይነት ይሻላል። ቀለሙ የጠቆረ ፈሳሽ ላይ ዝርጉ ገጽ ስለማይታይ የጠርዙ ጫፍ ይነበብና ማስተካከያ ይደረግበታል፤ ያም ማስተካከያ በዚያው ፈሳሽ አንዴ ተለክቶ የተገኘ ቢሆን ይመረጣል።